ለማሩ የሰጠሁት ስም

የካቲት 29 ቀን 2017፣ ባለወልድ

ጥሩምባ የሚነፋ ጠፋ።

የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ወንድሜ ማሩ ነበር። ሰው ባረፈ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር እየዞረ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" የሚለው እሱ ነው። ዛሬ ሟቹ ራሱ ሆነ። የዕድሩ ዳኛ ዓለምነው ጥሩምባውን አንስቶ ነፋ፣ ነፋ፤ ጉንጩ ተወጠረ እንጂ የረባ ድምፅ አልወጣውም። "ይኸ ነገር ከማሩ ከንፈር ሌላ አያውቅም" ብሎ አስቀመጠውና በአፉ እየጮኸ ዞረ። እታች ሰፈር ሳይደርስ ድምፁ ሰለለ።

የሰፈሩን ሬሳ ሁሉ በጥሩምባ የሸኘ ሰው ያለ ጥሩምባ ተቀበረ።

በቃኝ። 

የካቲት 30፣ እሑድ

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። እኔ ጓዳ ገብቻለሁ። ይህ የምጽፍበት ደብተር ማሩ ጸሎት ሊገለብጥበት የገዛው ነው፤ ሳይጀምረው ቀረ።

ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን። ታላቅ ሆኖ ከታናሽ ፊት ተቀምጦ "ሀ ሁ" ማለት ለእኔ ቀላል አልነበረም። አንድ ቀን ጠመኔውን ወርውሬ ወጣሁ። ማታ በሬዎቹን ስፈታ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። "አያ ደሞዜ፣ ፊደልም እንደ በሬ ነው፤ ካልጠመዱት አያርስም" አለኝ። ሳቅሁ። በማግስቱ ተመለስኩ። እንዲህ ነበር። ሰውን ሳያዋርድ መመለስ ያውቅበታል።

ሳንባው ነው አሉ። ለሰው ለቅሶ በብርድ ሲነፋ አድሮ መጣና ተኛ። ሐኪሙ ወደ ባሕር ዳር ይሂድ አለ። በዚያ ሳምንት መንገዱ ዝግ ነበር። ሲከፈት እሱ የለም።

ትናንት የሆነውንም ልጻፈው። መቃብሩ አፋፍ ላይ መምሬ አስማማው "ስመ ክርስትናው ማነው?" አሉኝ። ለደብሩ አዲስ ናቸው፣ ልጅ እግር ናቸው። የማሩ ነፍስ አባት አባ ውባንተ አምና አርፈዋል። "ኃይለ ጊዮርጊስ" አልኳቸው። ልጄ ጥሩወርቅ ከኋላዬ "አባየ፣ እሱ እንኳ አይመስለኝም፣ የአያ ማሩ ስም..." ብላ ልትቀጥል ስትል ዞርኩባት።

"ዝም በይ! እኔ ታላቁ ቆሜ አንቺ ለወንድሜ ስም ልታወጪለት ነው?"

ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

ምን ላድርግ? ሰው ፊት ከአባት ጋር ቃል አይሻሙም።

ከዚያ ፍትሐቱ ሆነ። "አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ኃይለ ጊዮርጊስ" ባሉ ቁጥር ማጅራቴ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ እንደሚል ያለ ነገር ተሰማኝ። ብርዱ ነው።

መጋቢት 3፣ በዓታ

ለቅሶ ደራሽ አላቋረጠም። ዛሬ ከይፋግ የመጣ አንድ ሽማግሌ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያለቅሳል፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አስቀመጥነው። "አምና እዚህ ሆስፒታል ስተኛ ዘመድ አልነበረኝም" አለ። "አንድ ሰው ማለዳ ማለዳ አጥሚት ይዞልኝ ይመጣል። ገላዬን ሳይቀር አጥቦኛል። ስምህ ማነው ስለው፣ 'ጥሩምባ ነፊ ነኝ፤ ላንተ ግን ገና አልነፋም፣ ጠጣ' ይለኛል። ጥሩምባ ነፊው ሞተ ሲሉ ገበያ ላይ ሰማሁ። ሌላ ሰው በሆነ እያልኩ መጣሁ።"

ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ፤ መልሶ አለቀሰ።

እኔ ማሩ ሆስፒታል እንደሚመላለስ አውቅ ነበር። አጥሚቱን ማን እንደሚያሠራለት ግን አላውቅም። ጥሩወርቅን አየኋት። አቀርቅራ ድስት ትፈትጋለች። እሷ ነበረች።

የማሩ በገና ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ሁዳዴ በገባ ቁጥር፣ ማታ ከጸሎት በኋላ ይደረድር ነበር። በር ላይ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ይሰማል። አንዳንዴ "ቀንሰው" እለው ነበር። አንዳንዴ ብቻ ነው፤ ራሴን ሲያመኝ፣ ደክሞኝ ልተኛ ስል።

መጋቢት 7፣ ሥላሴ

ሳል ያዘኝ። ጥሩወርቅ "ጠበል ይጠመቁ" ብላ ነዘነዘችኝ፤ ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ ዲያቆኑ ጣሳውን ከፍ አድርጎ "ስመ ክርስትና?" አለ።

"ኃይለ ጊዮርጊስ" አልኩ።

ውሃው አናቴ ላይ ወረደ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣውን ቃል ራሴ ሰማሁት።

ኃይለ ጊዮርጊስ እኔ ነኝ።

ቁርባን ላይ፣ ጠበል ላይ፣ ተክሊል ላይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ጥያቄ የተጠየቅሁት ስለ ራሴ ነው። መምሬ አስማማው ሲጠይቁኝ ምላሴ የለመደውን አወጣ። ጆሮዬ እንኳ አልሰማውም። ልጄ ሰምታው ነበር።

ማሩ ያለ ስሙ ተፈታ። ሣልስቱም፣ ሰባቱም በእኔ ስም ተፈታ። እዚያ ሰማይ ደጅ "ኃይለ ጊዮርጊስ ይግባ" እያሉ ይጣራሉ፤ ኃይለ ጊዮርጊስ እዚህ ጠበል ላይ ራቁቱን በብርድ ይንቀጠቀጣል። ወንድሜ ደግሞ የሚጠራው አጥቶ ደጅ ቆሟል። ሰውን ሁሉ ሲጠራ የኖረ ሰው።

ነገ ለመምሬ እነግራቸዋለሁ።

መጋቢት 8

አልነገርኳቸውም። ተሳስቻለሁ ካልኩ "ታዲያ ትክክለኛው ማነው?" ይሉኛል።

አላውቀውም። የወንድሜን ስመ ክርስትና አላውቀውም።

መጋቢት 10፣ መስቀል

ማሩ ክርስትና ሲነሳ ልጅ ነበርኩ፣ ግን ነፍስ አውቄያለሁ። ጉና ግርጌ፣ የተወለድንበት ደብር ነው። በረዶ ጥሎ ግቢው ነጭ እንደነበር አስታውሳለሁ። እናቴ ከጠበል ጠዲቁ የሰጠችኝን የገብስ ዳቦ አስታውሳለሁ፤ ጥጉ አሮ ነበር። የክርስትና አባቱ አያ ሲሳይ በነጭ በቅሎ መጡ፤ ግላሷ ቀይ፣ ጆሮዋ የቆመ። ካህኑ ስሙን ሲያወጡ እኔ በቅሎዋን እያየሁ ነበር።

ገብረ ማርያም ይሆን? ወልደ ሚካኤል? ኃይለ መስቀል? ሁሉም ይመስላል። አንዱም እሱን አይመስልም።

ከሰዓት በቧንቧው በኩል ሳልፍ ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ። ከአጥሩ ወዲህ መሆኔን አላዩም።

"ጥሩወርቅን ያሳደጋት ማሩ ነው እኮ። ሹሩባ ሲሠራት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወንድ ሆኖ!"

"አባትዮውሳ?"

"አባትማ ሚስቱ ከሞተች ወዲያ የሚያወራው ከበሬዎቹ ጋር ነበር።"

"እና የአሳዳጊዋን ስመ ክርስትና ሳታውቅ መቃብር ላይ ልታስት? ወይ ጉድ! ቢያጠቡ ቢያጎርሱ ለካ ከንቱ ነው።"

ሳቁ። እንስራ የላቸው፣ ጀሪካን ነው፤ እሱንም ለመሙላት ይህን ያህል ሰዓት።

እህሉን ማን አመጣው? እኔ። ጋፋት በኩል ያለችውን መሬት በዝናብ በፀሐይ ማን አረሰ? እኔ። ባለቤቴ ስርጉት ስትሞት ልጅቷ ገና ዳዴ ከተወች ብዙም አልሆናት፤ ማሩ "እሷ እስክታድግ ነው፣ ከዚያ አገባለሁ" አለ። አደገች። አላገባም። እኔ አታግባ አላልኩትም።

ማታ ጥሩወርቅ ሽሮውን አቅርባ አልሄደችም፤ ቆመች። "አባየ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?" አለች።

"የመቃብሩን ነገር ከሆነ አልሰማም።"

ማሰሮውን አነሳች።

መጋቢት 14፣ ደብረ ዘይት

እግሬ አበጠ። እህል አልወርድ አለኝ። ዓለምነው ሊጠይቀኝ መጥቶ በር ላይ ቆሞ አየኝ፣ አየኝና "አያ ደሞዜ፣ የሞተው ማሩ ነው ወይስ አንተ? ፍትሐት የተደረገለት አንተ ትመስላለህ!" ብሎ ሳቀ።

አልሳቅሁም።

"ምነው፣ ቀልድ አይገባህም?"

ይገባኛል። ከእሱ ይበልጥ ይገባኛል። በየጠዋቱ ስሜ ከሙታን ጋር ይጠራል። የተጠራ ሰው ደግሞ መሄዱ አይቀርም። ብሄድም አይከፋኝም ነበር። ግን እዚያ ደርሼ ማሩ "አያ፣ ስሜን የት ጣሉት?" ሲለኝ ምን እለዋለሁ? እኔስ ከሞትኩ ስሙን የሚያቀና ማን አለ?

አንድ ሰው አለች። እሷን አልጠይቅም።

መጋቢት 18

መቃብሩ ላይ ሄድኩ። ሰው አለመኖሩን አይቼ አንድ በአንድ ጠራሁት። ገብረ እግዚአብሔር። ወልደ ገብርኤል። ተክለ ማርያም። ኪዳነ ማርያም። ሰው ስሙ ሲጠራ ዞር እንደሚለው ልቤ በአንዱ ዞር የሚል መስሎኝ ነበር። አፈሩ ገና አልተደላደለም፤ ከላይ የተከመረው ድንጋይ መሀል አንድ ቁራ ይጭራል። ወልደ ሰንበት። ፍሥሐ ጽዮን።

ዞር ስል የመቃብር ጠባቂው ዘንጉን ተደግፎ ቆሟል።

"ስንት ሰው ነው እዚህ የተቀበረብዎ አባቴ?" አለ።

"አንድ" አልኩትና ሄድኩ።

መጋቢት 21፣ ገብር ኄር

ወንጌሉ የታማኙ ባርያ ነበር። "ገብር ኄር" ሲባል ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ስለ ማን እንደሆነ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ከቅዳሴ በኋላ መምሬ አስማማው ደጀ ሰላሙ ላይ ያዙኝ።

"አባቴ፣ የወንድምዎ አርባ ሰሙነ ሕማማት ውስጥ ይውላል። በሕማማት ፍትሐት የለም፤ ያውቁታል። ስለዚህ ቀደም አድርገን በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ እናድርገው።"

"ይሁን።"

"እውነትም ገብር ኄር ነበሩ። ሁለት ሌሊት የሰው ሬሳ በቃሬዛ ተሸክመው ከገጠር አምጥተው ያስቀበሩ አሉ፣ ዘመድ ሳይሆኑ። ሰው ሁሉ ይነግረኛል።"

እሱ መክሊቱን አተረፈ። መክሊት የቀበረ ባርያ ደግሞ ነበረ። እኔ ስም ቀበርኩ።

አፌን ከፈትኩ። "መምሬ..." አልኩ።

"አቤት አባቴ?"

"ድግሱ የጾም ነው የሚሆን፣ አይደል?"

"የጾም ነው" አሉ፤ ትንሽ ጠብቀውኝ ሄዱ።

ቅዳሜ ካለፈ ሌላ አርባ የለውም።

መጋቢት 24፣ ተክለ ሃይማኖት

ትዝ አለኝ! የአያ ሲሳይ ልጅ፣ ፈንታነሽ። መንኩሳለች አሉ፤ እዚያው ጉና ግርጌ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር አለች። የክርስትና አባቱ ልጅ ካላወቀች ማን ያውቃል?

ዓለምነውን በቅሎ ለመንኩት።

"በዚህ ብርድ፣ በዚህ ዕድሜህ ጉና? ምን ጎደለህ?"

"የእናቴን መቃብር ልሳለም።"

"እናትህ ይኸን ሁሉ ዓመት ጠብቀዋል፤ ለፋሲካ ቢያደርሱትስ?" አለ። በቅሎዋን ግን ሰጠኝ።

ጥሩወርቅ በሶ በጠበጠችልኝ፤ ቆሎ ቋጠረች። የማሩን ካፖርት አምጥታ አለበሰችኝ። ምን ሊሠሩ ነው አላለችኝም። ካፖርቱ ልኬ ነው። እሱ ከእኔ ያንሳል ብዬ ነበር የማስበው።

መጋቢት 27፣ መድኃኔዓለም

እማሆይ ፈንታነሽ ቤት። ብርዱ ጣቴን ስላሰረኝ ፊደሉ ይጣመማል።

ነፋሱ በቅሎዋን ሳይቀር ወደ ጎን ይገፋታል። ገብስ የሚዘራበት ማሳ ታርሶ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል፤ በጎቹ ከድንጋይ አጥር ሥር ተቃቅፈው ቆመዋል። የተወለድኩበትን ቤት አላገኘሁትም። ድንች ተክለውበታል።

እማሆይ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። እጄን ይዘው ዳሰሱኝ።

"ማነህ?"

"ደሞዜ ነኝ። የማሩ ታላቅ።"

"ያ ክርስትና ሲነሳ በቅሎ ሲያይ የነበረው?" ብለው በድዳቸው ሳቁ። "አባቴ እስኪሞት 'ያ ልጅ በቅሎዬን ሊሰርቀኝ ነበር' ይል ነበር።"

ያን ሁሉ ዓመት እዚህ ሰው ሲስቅብኝ ኖሯል።

"ማሩ አረፈ" አልኳቸው።

"ሰምቻለሁ። እግዜር ነፍሱን ይማር።"

ድንች ቀቅለው አቀረቡልኝ። አልበላሁም። በመጨረሻ ጋቢዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ "እማሆይ፣ ስመ ክርስትናው ጠፋብኝ" አልኩ። ለሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነው።

"ገብረ ሥላሴ ነዋ!" አሉ፤ እንደ ዋዛ። "ምን ማለትህ ነው ጠፋብኝ? ልጅህ በገበያተኛ ልካ ስሙን ለካህናቱ አስነግራ የለም እንዴ! ከተቀበረ ጀምሮ እዚህ በየዕለቱ ይታሰባል። ጧፉን ልካለች፣ ዘቢቡን ልካለች። ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አንድም አልጎደለበት። አንተ አልላክሃትም?"

ልነሳ ፈለግሁ። እጄን ይዘው አስቀሩኝ።

"ለከተማው ካህን ማን ብለህ ሰጠህ?" አሉ፤ ገብቷቸዋል።

"ኃይለ ጊዮርጊስ።"

"እሱስ ያንተ አይደል?" ሊስቁ ጀመሩና ተዉት።  "ተወው በቃ። የሥላሴ ደጅ አንድ ነው፤ እዚህም ተፈታ እዚያ ያው ነው። ወንድምህ ምንም አልጎደለበትም። ልጅህ ሸፍናሃለች፤ አንተም ተሸፍነህ ኑር። ማንም አያውቅ።"

"እሷ ታውቃለች።"

"እሷማ ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር" አሉ።

እፎይ የምል መስሎኝ ነበር የመጣሁት። ማሩ ደጅ አልቆመም። ስሙ ሲጠራ ገብቷል። ያለ እኔ ገብቷል።

መጋቢት 29

ተመለስኩ። ጥሩወርቅ እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበችኝ።

"ብርድ ነበር?"

"ነበር።"

"እማሆይ ደህና ናቸው?"

እማሆይ ጋ እንደምሄድ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

"ደህና ናቸው" አልኳት።



ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ነገ ነው።

ዝም ብል ማን ይጎዳል? ማሩ የሚገባውን አግኝቷል። መምሬ አስማማው ሰው ፊት አያፍሩ። ዓለምነው መጫወቻ አያድርገኝ። በዚህ ሽበት ቤተ ክርስቲያን መሀል ቆሜ የወንድሜን ስም አላውቅም ነበር ልበል? ጥሩወርቅም አልጠየቀችኝ። እሷ ለምዳዋለች።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ደግሜ አነበብኩት። ለምዳዋለች።

ዛሬም ለነገው የሚያግዙት ሴቶች ጓሮ ሆነው ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ "ጥሩወርቅ፣ ነገ ደሞ የአጎትሽን ስም እንዳትቀይሪብን!" አለቻት። ሌሎቹ ተንጫጩ። የእሷን መልስ ለመስማት ግድግዳው ላይ ተጠጋሁ።

"ምስሩን አማስይ፣ እንዳያርብሽ" አለቻት። ይኸው ነው ያለችው።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ካህናቱ ቆሙ። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ። እኔ ከፊት፣ ምሰሶውን ተደግፌ። ማታ የወሰንኩት ዝም ልል ነበር። እውነቱን ልጻፍ፤ ዝም ልል ነበር።

"አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ኃይለ ጊዮርጊስ" አሉ መምሬ አስማማው።

"አቤት" አልኩ።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ቀስ ብዬ ነበር፤ ከአጠገቤ ካለው ሰው በቀር የሰማ የለም። ዜማው ቀጠለ። ዞሮ መጣ፤ ደግሞ ጠሩኝ።

"አቤት!"

አሁን ተሰማ። ዜማው ተቋረጠ።

"ምን ሆኑ አባቴ?" አሉ መምሬ።

"ጠሩኝ እኮ። ኃይለ ጊዮርጊስ እኔ ነኝ። አልሞትኩም።"

አንዲት አሮጊት "በስመ ሥላሴ!" ብላ አማተበች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ለመዋጥ ሳለ፤ ዓለምነው ነው፣ ሳሉን አውቀዋለሁ። መምሬ መጽሐፉን በጣታቸው ይዘው ቀሩ።

"እስካሁን ታዲያ..."

"እስካሁን የፈታችሁት እኔን ነው። ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። ልጄ መቃብሩ ላይ ልትነግርዎ ነበር፤ ዝም በይ አልኳት። ስሙን እሷን ይጠይቋት።"

መምሬ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። "ልጄ፣ የአጎትሽ ስመ ክርስትና ማነው?"

ጥሩወርቅ አቀርቅራ አንድ ነገር አለች። ለእኛ አልተሰማንም።

"ጮክ በይ!" አልኳት።

ቀና አለች። "ገብረ ሥላሴ!" አለች። ጥሩምባ ማለት እሱ ነው። የሰማም ያልሰማም ሰማ። ያቺ "እንዳትቀይሪብን" ያለቻት ሴት ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ሳበች።

ካህናቱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ድግሱ ላይ ዓለምነው ምስር ወጥና እንጀራ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። "ብላ አያ ደሞዜ፤ የራሱን ተዝካር የበላ ሰው ከአንተ ሌላ አላየሁም" አለኝ። በላሁ። ጨው በዝቶበታል።

ሰው ቀለለኝ ይል ይሆናል። አልቀለለኝም። ስም ማቅናት ሰው አይመልስም። ቤት ስገባ ካፖርቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ሰው የቆመ መስሎኝ "ገባህ?" አልኩት።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ፣ ሕማማት

ሰው ሁሉ ስግደት ላይ ነው። የእኔ ጉልበት አልታጠፍ ብሎኝ ቤት ዋልኩ። ጥሩወርቅ ከስግደት ስትመለስ ግንባሯ ላይ አፈር አለ። ተቀመጭ አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እስከዛሬ ተቀመጭ ብያት አላውቅም መሰለኝ።

"ስሙን እንዴት አወቅሽው?"

"በበገናው ነዋ" አለች፤ ጥያቄው ገርሟት።

"በገናው ምን ይላል?"

"ሲጨርስ ሁልጊዜ ይለው የለም እንዴ? አንቱ አልሰሙትም?"

"ምን ይል ነበር?"

ምሰሶው ላይ ያለውን በገና አየችው። አልዘፈነችውም፤ እንደ ንግግር አድርጋ አለችው።

"'ኃይለ ጊዮርጊስን አስብ፣ ገብረ ሥላሴን አትርሳ' ይላል። ልጅ ሆኜ ሁለቱ እነማን ናቸው ስለው፣ አንዱ አባትሽ፣ አንዱ እኔ አለኝ። ሁልጊዜ ያንቱን አስቀድሞ ነው።"

ከዚያ ተነስታ እሳቱን ልታያይዝ ሄደች።

እኔ "ቀንሰው" የምለው መጨረሻው ላይ ነበር። ሊያልቅ ሲል፣ እንቅልፌ ሲመጣ። አንድም ቀን አልተከራከረኝም። ቀንሶ ይጨርሰው ነበር።